አንዲት ክንፍና አሥራ አንድ ጠርሙሶች

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ የሚወጡትን ጽሑፎች ስመለከት፣ አብዛኛዎቹ ስለ ጀግኖች፣ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ሀገር ፍቅር የተጻፉ ሆነው አገኛቸዋለሁ። እኔ ግን በዚህ ዓመት የምጽፈው ስለ አንዲት የሞተች ወፍ፣ ያውም ስለ መላ አካሏ ሳይሆን ስለ አንድ ክንፏ ብቻ ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ስቀውብኛል። ቢሆንም ይህች ክንፍ እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት የፈጸምኩትን አንድ ስሕተት እንድገነዘብ ስላደረገችኝ፣ ስሕተቴን ከክንፏ ታሪክ ጋር አያይዤ ላቀርብላችሁ ወስኛለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከሆሣዕና ተነሥቶ በሶዶ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አርባ ምንጭ ከተማ ይደርሳል። እዚያም አባያና ጫሞ የሚባሉት ሁለቱ ሐይቆች ተዘርግተው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ቀጭን ከፍታ የአገሩ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ሣር የተባለው ሜዳ አለ። ሣሩ ሲደርቅ ከሩቅ ነጥቶ ስለሚታይ ስሙን ከዚያ አገኘ። ስፍራው ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በሻሸጎ ያለው የቦዮ ሐይቅ ውሃ ወደ ቢላቴ ወንዝ ይፈስሳል፤ ቢላቴም ከሐዲያና ከከምባታ የሚወርደውን ጎርፍ እየሰበሰበ ሄዶ አባያ ይገባል። እንግዲህ በክረምት ከደጃችን የሚታጠበው አፈር ከፊሉ ጉዞውን የሚጨርሰው በነጭ ሣር አጠገብ ነው ማለት ይቻላል።

በ1990 ከእንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሰፍረው ነበር። የመጡበትም ጉዳይ በፓርኩ የሚኖረውን ፍጥረት፣ አውሬውንም፣ ወፉንም፣ ቢራቢሮውንም፣ እንቁራሪቱንም እያዩ ለመመዝገብ ነው። ከወፎች ብቻ ከ300 የሚበልጡ ዓይነቶችን መዘገቡ። (እኔ የሆሣዕናን ወፎች በስማቸው ጥራ ብባል ከሃያ አልዘልቅም፤ ከሃያዎቹም አንዷ ዶሮ ናት።) በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ በሜዳው በሚያልፈው ጥርጊያ መንገድ ላይ መኪና ደፍጥጧት የሞተች አንዲት ወፍ አገኙ። ከገላዋ ለምርመራ የሚበቃ ሆኖ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን አንሥተው በወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተቱት።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቆም እንዲልልኝ እለምናለሁ። በመንገድ ላይ የተደፈጠጠ ወፍ ያላየ ማን አለ? እኔ በየሳምንቱ አያለሁ። አፍንጫዬን ይዤ ከማለፍ በቀር አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ የክንፉን ቀለም ተመልክቼ አላውቅም። እነዚያ ሰዎች ግን ጎንበስ አሉ።

ወፏ የምትመደብበት ወገን በፈረንጅ አፍ ናይትጃር ይባላል። «የሌሊት ወፍ» እንዳልላት፣ ይህን ስም እንደ አይጥ ጠጉር ያላት፣ ግልገሏን የምታጠባው በራሪ እንስሳ ቀድማ ወስዳዋለች። ስለዚህ ናይትጃር እያልኩ እቀጥላለሁ። የዚህ ወገን ወፎች ቀን መሬት ላይ ተጋድመው ይውላሉ፤ ላባቸው የደረቀ ቅጠልና የአፈር መልክ ስላለው፣ ሊረግጣቸው የተቃረበ ሰው እንኳ አያያቸውም። ጎጆ አይሠሩም፤ ዕንቁላላቸውንም መሬት ላይ ይጥላሉ። ጀምበር ስትጠልቅ ይነሡና ሰፊ አፋቸውን ከፍተው በአየር ላይ የሚበሩትን ነፍሳት እየለቀሙ ይበላሉ። ሌሊት በመንገድ ላይ ማረፍ ስለሚወዱ የመኪና መብራት ሲያርፍባቸው ዐይናቸው እንደ ፍም ይበራል። ብዙዎቹም የሚሞቱት በዚሁ ጠባያቸው ነው። አምሽቶ በጭነት መኪና ከገበያ የተመለሰ ሰው ያን የዐይን ብርሃን ሳያይ አልቀረም።

ክንፏ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደች። በዚያ አገር የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የወፎች ክፍል የሚገኘው በለንደን ሳይሆን ትሪንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የወፍ ቆዳዎች በመሳቢያ በመሳቢያ ሆነው በዚያ ተደርድረዋል። ቆዳው በጥጥ ተሞልቶ በጀርባው ይተኛል፤ በእግሩም ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት በክር ትታሠራለች። በወረቀቷ ላይ ወፉ የተያዘበት ቦታና ቀን፣ የቦታው ከፍታ፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ፣ የሰብሳቢውም ስም ይጻፋል። ሊቃውንቱ የነጭ ሣሯን ክንፍ በፊት ከታወቁት የናይትጃር ዓይነቶች ጋር ላባ በላባ አስተያዩ፤ ርዝመቷን ለኩ፤ በክንፏ ላይ ያለው ነጣ ያለ ምልክት የት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚሰፋ መረመሩ። ከአንዱም ጋር አልገጠመችም። በመጨረሻም በ1995 ሮጀር ሳፎርድና የሥራ ጓደኞቹ፣ ኢቢስ በተባለው የአዕዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ ለሳይንስ አዲስ የሆነች ዓይነት ናት ብለው አስታወቁ። ካፕሪሙልጉስ ሶላላ የሚል ስምም ሰጧት። በላቲን ቋንቋ ሶሉስ ብቸኛ፣ አላ ደግሞ ክንፍ ማለት ስለሆነ፣ ስሟ «ብቸኛዋ ክንፍ» እንደ ማለት ነው።

በአንድ ክንፍ ብቻ ወፍን መሰየም ይገባልን? ይህን የጠየቅሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሊቃውንቱ ራሳቸው ተከራክረውበታል። ራሷን የቻለች ዓይነት ናት የሚሉ አሉ፤ ከሁለት የተለያዩ ናይትጃሮች የተወለደች ዲቃላ እንዳትሆን የጠረጠሩም አሉ። በ2009 ደግሞ ከውጭ አገር የመጡ ጥቂት ወፍ ተመልካቾች በሕይወት ያለችውን ለመፈለግ ወደ ነጭ ሣር ሄደው፣ በሌሊት በመብራት አየናት ብለው ተመልሰዋል። ክርክሩ በማንም ይረታ፣ እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ክንፏ ከነወረቀቷ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጣ ስላለች፣ የተጠራጠረ ሁሉ ሄዶ እንደገና ሊጠይቃት ይችላል። ዛሬ ከላባ ሥር የዘር ሐረግን የሚገልጸውን ዲኤንኤ የሚባለውን ነገር አውጥቶ ማንበብ ተችሏል። በ1990 ክንፏን ያነሡት ሰዎች ስለዚያ ዓይነት ምርመራ አስበው አልነበረም፤ ሆኖም ክንፏን በማስቀመጣቸው ለወደፊቱ ጠያቂ ምስክር አቆዩለት።

«ተገኘ» ስለሚባለው ቃል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። መጻሕፍት የደጋ አጋዘንን ለዓለም ያስታወቀው ሻለቃ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1908 አድኖ ወደ ለንደን ላከ፤ በ1910 ሪቻርድ ሊደከር ስም አወጣለት ይላሉ። ታዲያ የአርሲና የባሌ ሰው አጋዘኑን ከዚያ በፊት አያየውም ነበርን? ጭላዳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮስ? ኤድዋርት ሩፐል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ አገራችንን ዞሮ ስለ እነርሱ ከመጻፉ በፊት የስሜን ገበሬ በየስማቸው ይጠራቸው ነበር። «ጭላዳ» የሚለውም ቃል እኮ በሳይንሱ ስም ውስጥ ጌላዳ ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ ሳይንስ «ተገኘ» ሲል፣ ናሙናው በአንድ በታወቀ ቦታ ተቀምጦ፣ ተጽፎ፣ ማንም ሊያመሳክረው የሚችል ሆነ ማለቱ ነው እንጂ፣ ከዚያ በፊት ሰው አላየውም ማለቱ አይደለም። ይህን ልዩነት ሳውቅ ቅሬታዬ በከፊል ቀለለልኝ። በከፊል ያልኩት፣ ናሙናዎቹ ዛሬም ያሉት በሩቅ አገር ስለሆነ ነው።

አንድ ናሙና ስንት ዘመን ሊናገር እንደሚችል ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳው የግልገል ዓባይ አይጥ ታሪክ ይመስለኛል። በ1926 እና በ1927 በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ የሚገኘው የፊልድ ቤተ መዘክር ወደ ኢትዮጵያ የላከው ቡድን ነበር። ከቡድኑ አንዱ ዊልፍሬድ ኦስጉድ፣ ጎጃም ውስጥ በግልገል ዓባይ ምንጭ አቅራቢያ በውሃ ዳር የሚኖር አንድ አይጥ በ1927 አገኘ፤ በ1928ም ኒሎፔጋሚስ ብሎ ሰየመው። ትርጉሙ «የዓባይ ምንጭ አይጥ» ነው። ከዚያ በኋላ ያ አንዱ ቆዳ ብቻውን በቺካጎ መሳቢያ ውስጥ ቆየ። አብሮት በዚያው ጉዞ የነበረው ታላቁ የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ በ1927 መኪናው በባቡር ተመትቶ ሞተ፤ የኢትዮጵያ ወፎችን የሣለባቸው ሥዕሎች ግን ከአደጋው ተረፉ። ወደ አይጡ ልመለስ። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከዚያው ከደረቀው ቆዳ ዲኤንኤ አውጥቶ አነበበና አይጡ በሌላው የአፍሪካ ክፍል በጅረት ውስጥ እየተራመዱ ምግባቸውን ከሚፈልጉት አይጦች ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ገለጠ። ቆዳው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው!

ከዚሁ ከፊልድ ቤተ መዘክር የመጣ ዊልያም ስታንሊ የተባለ ተመራማሪ በ2015 በስሜን ተራሮች ትንንሽ እንስሳትን ሲሰበስብ ሳለ በድንገት ታሞ በዚያው ዐረፈ። ከሰበሰባቸው መካከል አይጥ የምትመስል፣ ነገር ግን አፍንጫዋ የሾለ፣ ነፍሳትን የምትበላ፣ ክብደቷ 3 ግራም ያህል የሆነች እንስሳ ነበረች። ሰውየው ቢሞትም ወረቀቱና ማስታወሻው ስላልሞተ፣ የሥራ ጓደኞቹ ምርመራውን ቀጥለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ ዓይነት መሆኗን አረጋገጡ፤ ክሮሲዱራ ስታንሊዪ ብለውም በስሙ ጠሯት።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሞት አለ። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ የጣሊያን መስፍን ደቡብ ኢትዮጵያን ሲዞር በ1893 ዝሆን ገደለው። የሰበሰባቸው ወፎች ወደ ጣሊያን ሲደርሱ በመካከላቸው አንዲት ከዚያ በፊት ያልታወቀች ውብ ሶሪት ተገኘች። ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት። ነገር ግን የተያዘችበት ቦታ አልተጻፈም ነበር! ቦታውን የሚያውቀው ሰው ሞቷል፤ ወፏም አትናገርም። ስለዚህ ሶሪቲቱ የት እንደምትኖር ሳይታወቅ አያሌ ዓመታት አለፉ፤ በዱር እንደገና የተገኘችው በ1940ዎቹ ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ዘመን ባልጠፋ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ደረስኩ። የተማርኩበት ቤተ ሙከራ በስተ ኋላ አንድ አሮጌ ቁም ሣጥን አለው። በውስጡ አሥራ አንድ ጠርሙሶች፣ በጠርሙሶቹም ውስጥ በፎርማሊን የተቀመጡ እንስሳት አሉ፤ እባቦች፣ እስስት፣ እንቁራሪቶች፣ አንዲት የሌሊት ወፍ፣ የመሳሰሉት። ባለፈው ዓመት የጽዳት ተራ ሲደርሰኝ ቁም ሣጥኑን እንዳጸዳ ታዘዝኩ። ጠርሙሶቹ አቧራ ለብሰው ነበር። በላያቸውም የቢጫነትና የጥቁረት ቀለም የያዙ፣ ጠርዛቸው በበረሮ የተበላ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ጽሑፉ በከፊል ደብዝዟል። እኔም ትጉህ ለመባል ፈልጌ ጠርሙሶቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኳቸው። ወረቀቶቹን በምላጭ ፋቅኋቸው። ጠርሙሶቹም እንደ መስተዋት አበሩ፤ ሥራዬም ተመሰገነልኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ መሄዴን አስታውሳለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሥነ ሕይወት መምህራችን የነጭ ሣሯን ክንፍ ታሪክ በክፍል ውስጥ ነገሩን። ስለ እግር ወረቀቷ ሲናገሩ ጆሮዬ ጋለ። ትምህርቱ እንዳበቃ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄጄ ከፈትኩት። አሥራ አንዱም ጠርሙሶች ንጹሕ ነበሩ። አሥራ አንዱም ዲዳ ነበሩ።

ለመምህራችን ተናዘዝኩ። እርሳቸውም ከመቆጣት ይልቅ ጥቂት ዝም ብለው፣ ናሙናዎቹን የሰበሰቡት መምህር ጡረታ ወጥተው በዚሁ በከተማችን እንደሚኖሩ ነገሩኝና፣ «ሂድና ጠይቃቸው፤ ጠርሙሶቹን ግን ይዘህ አትሂድ፣ ትሰብራቸዋለህ» አሉኝ። እኔም እያንዳንዱን እንስሳ በደብተሬ ላይ ሥዬ ሄድኩ። ሥዕሌ ደካማ ነው።

ሽማግሌው ከጓሯቸው፣ ከእንሰት ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ መጥቻለሁ» ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ከቤት በርጩማ አስመጥተው አስቀመጡኝ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ትልቁን እባብ አወቁት፤ ከጊቤ በረሃ አንድ ተማሪ አባቱ የገደለውን አምጥቶላቸው ነው። እስስቱን አወቁ፤ ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ራሳቸው የያዙት ነው። የሌሊት ወፏን ሳይ ያሳቁኝ፣ ከቤተ ሙከራው ጣሪያ ወድቃ በፈተና ወረቀት ላይ በማረፏ የተያዘች ናት ማለታቸው ነው። ከቦዮ ዳር የመጣውንም ትልቅ እንቁራሪት አስታወሱ። በዚህ አራት ሆነ። በቀሩት ሰባቱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። አንዱን «ከአንጋጫ ይመስለኛል» ካሉ በኋላ መልሰው «አይደለም፣ አትጻፈው» አሉኝ።

«እርስዎ ራስዎ ሰብስበዋቸው እንዴት አያስታውሱም?» ብዬ በድፍረት ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኮ እንደምረሳ ዐውቄ ነው» አሉኝ።

ከሰባቱ አብልጣ የምታስጨንቀኝ ስምንተኛዋ ጠርሙስ ናት። በውስጧ ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ እንቁራሪት አለች። በአገራችን ደቡብ ምዕራብ በቢቢታ ተራራ ጫካ ውስጥ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ተመራማሪዎች አንዲት እንዲህ ያለች ትንሽ እንቁራሪት አግኝተው በ2019 አዲስ ዓይነት መሆኗን አስታውቀዋል፤ ሴቲቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ናት። የእኛዋ አዲስ ናት ለማለት አልደፍርም። ምናልባት በየኩሬው የምትጮኸው ተራ እንቁራሪት ትሆናለች፤ ይህም ይበልጥ የሚመስል ነገር ነው። በፎርማሊን የቆየ ሥጋ ደግሞ ዲኤንኤውን ለማንበብ አስቸጋሪ ነው። ቦታዋ ቢታወቅ ግን ወደዚያ ኩሬ ሄዶ ዘመዶቿ ዛሬም መኖራቸውን ማየት ይቻል ነበር። ኩሬው ራሱ ደርቆ፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎበት ከሆነም፣ በዚያ ቦታ እንቁራሪት እንደነበረ የምትመሰክረው እርስዋ ብቻ ነበረች። እኔ ምስክሯን አፏን ዘጋሁት።

ይህ ማጋነን አይደለም። የባሌ ተራሮችን ሃረና ጫካ ተመልከቱ። በዚያ ጫካ ከሌላው ዓለም የትም የማይገኙ የእንቁራሪት ወገኖች ይኖራሉ። በአዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ማልኮም ላርገን በ1989 እና በ1991 ከነዚህ ሁለቱን ለሳይንስ ካስታወቁት ነው። ኋላም የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሰው ዴቪድ ጋወርና የሥራ ጓደኞቹ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለ40 ዓመታት ያህል በዚያ የተሰበሰበውን ማስረጃ አስተያይተው በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ እንቁራሪቶቹ እየጠፉ መሆናቸውን፣ ምክንያቱም ደኑ እየተመነጠረ ጅረቱ ጥላ በማጣቱ እንደሚመስል አስረድተዋል። «ቀንሰዋል» ለማለት የቻሉት ስንት እንደነበሩ፣ የትና መቼ እንደተያዙ የሚናገር ወረቀት ስለነበራቸው ነው። ስለ ቦዮ ወይም ስለ ዱራሜ ጅረቶች አንድ ሰው መጥቶ «ድሮ ምን ነበረ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ የምናሳየው አሥራ አንድ ጠርሙስ ነበረን። አሁን አራት አለን።

በዚህ ዓመት መምህራችን አዲስ መዝገብ ገዝተውልን ስድስት ተማሪዎች ሆነን ሥራ ጀምረናል። እንስሳ ለመግደል አልተፈቀደልንም፤ ሞቶ የተገኘውን ብቻ እናነሣለን። መለያውን የምንጽፈው በእርሳስ ነው፤ ምክንያቱም የእርሳስ ጽሑፍ በአልኮል ውስጥ አይለቅም፣ የእስክርቢቶ ቀለም ግን ይለቅቃል። ወረቀቱንም በጠርሙሱ ላይ አንለጥፍም። ከእንስሳው ጋር በውስጥ እንከተዋለን፤ እንደ እኔ ያለ ትጉህ ሰው ሳሙና ይዞ ቢመጣ እንዳይደርስበት ነው። ቀበሌውን፣ ጅረቱን ወይም የማንን ጓሮ፣ ቀኑን፣ ያገኘውን ሰው ስም እንጽፋለን። ስሙን የማናውቀውን እንስሳ ስም አንሰጠውም። ስሙን ሌላ ሰው በሌላ ጊዜ ሊያገኝለት ይችላል፤ ቦታውን ግን ከእኛ በቀር ማንም አያገኝለትም።

የመጀመሪያው ናሙና የመጣው ከአባቴ ጓሮ ነው። በእኛ አገር እንሰት ያለው ሰው ሁሉ ፍልፈልን ያውቃል፤ ከመሬት በታች እየቆፈረ ሥሩን በልቶ፣ ጧት ሲነሡ የቆመው እንሰት ጋደም ብሎ ያገኙታል። አባቴ በወጥመድ የያዘውን እንዲሰጠኝ ስለምነው፣ «ይህን ሌባ ልትቀብረው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በባሌ ከፍታ ላይ የዚህ የፍልፈል ትልቅ ዘመድ እንደሚኖር፣ ቀይ ቀበሮ ከሁሉ አብልጣ የምትመገበውም እርሱን መሆኑን፣ ቀይ ቀበሮዋም እንደ ስሟ ቀበሮ ሳትሆን የተኩላ የቅርብ ዘመድ መሆኗን በ1994 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት እንዳሳየ ነገርኩት። አባቴም አሰበና፣ «እንግዲያው ያቺን ተኩላ ነበር ለጓሮዬ ማምጣት» አለ። ፍልፈሉን ግን ሰጠኝ። ወረቀቱን ስጽፍ በትከሻዬ ላይ ሆኖ ይመለከት ነበር፤ «ያገኘው ሰው» በሚለው ቦታ ላይ የእርሱን ስም ስጽፍ፣ የአያቱንም ስም እንድጨምር አዘዘኝ፤ ጨመርኩ።

አሮጌዎቹን ጠርሙሶች በመዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ላይ አስገብተናቸዋል። ሽማግሌው መምህር ያስታወሷቸው አራቱ ቦታቸው ተጽፎላቸዋል፤ ከጎኑም «ከሰብሳቢው ቃል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ» የሚል አለ፤ ምክንያቱም የሰው ትዝታና በዚያው ቀን የተጻፈ ወረቀት እኩል አይደሉም። ሰባቱ ላይ ምን እንደምንጽፍ ተከራከርን። አንዱ ባዶ እንተወው አለ፤ ሌላው «ሐዲያና ከምባታ» እንበል አለ፤ እርሱም ቢሆን የማናውቀው ነገር ነው። በመጨረሻ መዝገቡ ለእኔ ተሰጠኝና በእጄ ጻፍኩ። ስምንተኛው መስመር እንዲህ ይነበባል፤ «ትንሽ እንቁራሪት፣ አንድ። ቦታዋ የማይታወቅ። ቀኗ የማይታወቅ። ወረቀቷ በ11ኛ ክፍል ተማሪ ታጥቦ የጠፋ።» ከሥሩም ፈርሜበታለሁ።